ከጅምላ ግድያ በኋላ የሚነሣውን የጦር መሣሪያ ሕግ ክርክር እንዴት መከታተልና መመዘን ይቻላል

አንድ ሰው በትምህርት ቤት፣ በጸሎት ቤት ወይም በአደባባይ ብዙ ሰዎችን በጥይት በገደለ ማግስት አገር ሁሉ ይህ መሣሪያ በዚህ ሰው እጅ እንዴት ገባ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይገኝም። በእነዚያ ቀናት የሚሰማው ለቅሶ፣ ቁጣ፣ መግለጫና መወቃቀስ ነው፤ ሕግ የሚረቀቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ድምፅ መካከል ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ክርክር በዜና ለሚከታተል፣ ስለ ጉዳዩ ለሚጽፍ ወይም ለሚያስተምር፣ አለዚያም በሚኖርበት አገር ድምፅ ለሚሰጥ አንባቢ ነው። ዋና ሐሳቡም የመሣሪያ ሕግ የሚመዘነው በወጣበት ቀን በተነገረለት ቃል ሳይሆን ያንኑ መሣሪያ ለዚያኑ ሰው ያሳለፈውን ቀዳዳ በመድፈኑ ወይም ባለመድፈኑ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በእነዚህ ቀናት ከአንባቢ የሚፈለገው ከፍርድ ይልቅ ጥንቃቄ ነው። የሟቾች ቁጥር፣ የተኳሹ ማንነትና የመሣሪያው ዓይነት ደጋግመው ይታረማሉ። በኦክቶበር 1 ቀን 2017 በላስ ቬጋስ በሙዚቃ ድግስ ላይ በነበሩ ሰዎች ላይ በተፈጸመው ግድያ በመጀመሪያ 58 የነበረው የሟቾች ቁጥር፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ቁስል ያረፉ ሁለት ሰዎች ሲጨመሩበት 60 ሆኗል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ያነበቡትን ከቀኑ ጋር ማስታወሻ ይያዙበት እንጂ ክርክር አይገንቡበት።

የገዳዩን ስም፣ ምስልና ጽሑፍ አያሰራጩ። በማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎችን የገደለው ሰው ጥቃቱን በቀጥታ በኢንተርኔት ያሳየው እንዲሰራጭለት ፈልጎ ነው። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ቅጂዎችን እንዳነሣ አስታውቋል። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም ፈጽሞ እንደማይጠሩ ለምክር ቤቱ ተናግረው ነበር፤ ይህን ምሳሌ ለመከተል ባለ ሥልጣን መሆን አያስፈልግም። ለቅሶ ላይ ላሉ ቤተሰቦች ልንጠብቅላቸው ከምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የልጃቸው ስም በገዳዩ ስም እንዳይሸፈን ማድረግ ነው።

የቃላቱን ትርጉም ግልጽ ያድርጉ

ሁለት ተከራካሪዎች ስለ አንድ አገርና ስለ አንድ ዓመት እየተናገሩ አንዱ የጅምላ ተኩስ በመቶዎች ይቆጠራል ሲል ሌላው በጣቶች ይቆጠራል ቢል፣ ሁለቱም ሳይዋሹ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ በሰፊው የሚጠቀሰው የጠመንጃ ጥቃት መዝገብ ከተኳሹ ሌላ አራትና ከዚያ በላይ ሰዎች በጥይት የተመቱበትን ሁሉ፣ ሟች ባይኖርም፣ ይቆጥራል። በ2013 መጀመሪያ የጸደቀ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የጅምላ ግድያ የሚለው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተገደሉበትን ነው። ማንኛውንም ቁጥር ከመቀበልዎ በፊት ቆጣሪው ማንን ቆጥሮ ማንን እንደተወ ይጠይቁ።

ስለ መሣሪያዎቹ የሚነገሩትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። አውቶማቲክ የሚባለው ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ያለማቋረጥ የሚተኩስ ሲሆን፣ ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ግን ቀጣዩን ጥይት ራሱ ቢያጎርስም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ነው። ይህ ልዩነት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። የላስ ቬጋሱ ገዳይ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንደ አውቶማቲክ በፍጥነት እንዲተኩስ የሚያደርግ ልዩ ሰደፍ ተጠቅሞ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሰደፍ በደንብ ከለከለ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጁን 2024 በ6 ለ3 ድምፅ ክልከላውን ሻረው። የሻረበትም ምክንያት ሰደፉ የተገጠመለት ጠመንጃ በአንድ የምላጭ ተግባር ከአንድ ጥይት በላይ አይተኩስም፣ ስለዚህም ሕጉ መትረየስ ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ውስጥ አይወድቅም የሚል ነበር። ስለ 60 ሟቾች የተደረገ ክርክር በመጨረሻ የተወሰነው በአንድ ሐረግ አተረጓጎም ነው።

መሣሪያው የመጣበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ይከተሉ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህን ነው፤ በእኔ አመለካከት አብዛኛው ክርክር ፍሬ የሚያጣውም እዚህ ላይ ስለሚዘለል ነው። መሣሪያው የተገኘው በሕጋዊ ፈቃድ ነው? ፈቃድ ሊያገኝ የማይገባው ሰው በቁጥጥር ጉድለት አግኝቶት ነው? የቤተሰብ መሣሪያ ተወስዶ ነው? ወይስ በኮንትሮባንድ የገባ ነው? የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለየ ስለሆነ፣ መልሱ ሳይታወቅ የሚቀርብ የሕግ ሐሳብ በሽታው ሳይለይ እንደሚታዘዝ መድኃኒት ነው።

በማርች 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን የገደለው ሰው የተጠቀመባቸው ሽጉጦች በሕጋዊ ፈቃድ የተያዙ ነበሩ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን ባወጡት ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ግድያው ከመፈጸሙ ከአምስት ዓመታት በፊት፣ በ1991፣ አንድ የፖሊስ ባልደረባ የዚህ ሰው ፈቃድ እንዲነጠቅ በጽሑፍ አሳስቦ ነበር፤ ማሳሰቢያው ግን ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ሕጉ እንዲህ ያሉ ሽጉጦች በግለሰብ እጅ እንዲገኙ መፍቀዱ ተገቢ ነበር ወይ የሚለውና፣ የተፈቀደውን የሚቆጣጠረው ክፍል ሥራውን ሠርቷል ወይ የሚለው። ሁለቱን ለይቶ ያልያዘ ተከራካሪ አንደኛውን በመለሰ ቁጥር ሁለተኛውንም የመለሰ ይመስለዋል።

የክራይስትቸርቹ ገዳይም ፈቃድ ነበረው። በዲሴምበር 2020 ይፋ የሆነው የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ፖሊስ ፈቃዱን ሲሰጥ የሚጠበቅበትን ደረጃ እንዳላሟላ አረጋግጧል። አመልካቹ ስለ ጠባዩ እንዲመሰክሩለት ያቀረባቸው ሰዎች በኢንተርኔት ጨዋታ የተዋወቀው ጓደኛውና የዚሁ ጓደኛ ወላጅ ነበሩ። በቅርብ የሚያውቀው የቤተሰብ ሰው አልተጠየቀም። የአንድ አገር የመሣሪያ ሕግ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ በመጨረሻ የሚያርፈው ማመልከቻውን ተቀብሎ ማንን ልጠይቅ ብሎ በሚወስነው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በኖቬምበር 2017 በቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ በተባለች ትንሽ ቦታ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመናንን የገደለው ሰው ደግሞ ቀደም ሲል በአየር ኃይል ሳለ በቤተሰብ ጥቃት ተፈርዶበት ስለነበር መሣሪያ መግዛት የተከለከለ ሰው ነበር። ሕጉ ነበረ፤ አየር ኃይሉ ግን ፍርዱን የመሣሪያ ገዢዎች ወደሚጣሩበት የፌዴራል መዝገብ ስላላስተላለፈ ሻጩ ሲጠይቅ መዝገቡ ዝም አለ። በዲሴምበር 2012 በኮኔቲከት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የተገደሉበት ጠመንጃ የገዳዩ እናት በሕጋዊ መንገድ የገዙት ነበር። በሜይ 2023 በሰርቢያ ዋና ከተማ በቤልግሬድ በአንድ ትምህርት ቤት ተኩስ የከፈተው የ13 ዓመት ልጅም የተጠቀመው በአባቱ መሣሪያ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ጥያቄው በቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ እንዴት ይቆለፋል የሚለው ነው። በኤፕሪል 2020 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ 22 ሰዎችን የገደለው ሰው ግን የመሣሪያ ፈቃድ ጨርሶ አልነበረውም፤ ከመሣሪያዎቹም አብዛኞቹ ከአሜሪካ በኮንትሮባንድ የገቡ ነበሩ። ለቤልግሬዱ የሚሆን ሕግ ለኖቫ ስኮሺያው እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይለዩ

የሚቆጡበትን አካል ከመምረጥዎ በፊት ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ይወቁ። ኒውዚላንድ አንድ ምክር ቤት ብቻ ያላትና ክልላዊ መንግሥታት የሌሉባት አገር ስለሆነች ከግድያው በኋላ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 10 ቀን 2019፣ ምክር ቤቱ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች የሚከለክለውን ሕግ በ119 ለ1 ድምፅ አጸደቀ።

የአውስትራሊያ ነገር ከዚህ የከበደ ስለነበር ብዙ ያስተምራል። በኤፕሪል 1996 መጨረሻ በታዝማኒያ ደሴት በፖርት አርተር 35 ሰዎች ሲገደሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ከተመረጡ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። የመሣሪያ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ የክፍለ ግዛቶች ሥልጣን ነው፤ ፌዴራል መንግሥቱ በእጁ የነበረው ዋና ሥልጣን ከውጭ የሚገባውን ዕቃ መቆጣጠር ነበር። ቢሆንም ግድያው በተፈጸመ በ12ኛው ቀን፣ ሜይ 10፣ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች በአንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ለአብዛኛው ሰው ተከለከሉ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ እንዲመዘገብ፣ ገዢው 28 ቀን እንዲጠብቅና መሣሪያ የፈለገበትን እውነተኛ ምክንያት እንዲያስረዳ ተወሰነ፤ ራስን ለመከላከል የሚለው ምክንያት ተቀባይነት እንዳይኖረውም ተደረገ። ሃዋርድ የወግ አጥባቂ ወገን መሪ ነበሩ፤ የተቃወሟቸውም የራሳቸው ጥምረት ደጋፊዎች የሆኑ የገጠር ሰዎች ነበሩ። በቪክቶሪያ ሴል በተባለች ከተማ በተቃዋሚዎች ፊት ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሰው ነበር። አንድ መሪ የራሱን መራጭ አስቀይሞ ያሳለፈው ሕግ ከተቃዋሚው ወገን ብቻ በሚመጣ ሕግ ላይ የማይገኝ ጽናት አለው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት መሠረቱን ያላፈረሱት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በአሜሪካ ሥልጣኑ በብዙ እጆች ተከፋፍሏል። ከሳንዲ ሁክ በኋላ የመሣሪያ ገዢዎችን ማጣራት ለማስፋት የቀረበው ማሻሻያ በኤፕሪል 2013 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 54 ለ46 ድምፅ አገኘ፤ አብላጫው ደግፎት ሳለ ወደቀ፣ ምክንያቱም በምክር ቤቱ ደንብ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 በፍሎሪዳ ፓርክላንድ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ግን የፍሎሪዳ ግዛት ራሷ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ የጠመንጃ መግዣ ዕድሜን ወደ 21 ከፍ አደረገች፣ ለአደጋ ያሰጋል ከተባለ ሰው መሣሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው እንዲወሰድም ፈቀደች። ስለዚህ ዋሽንግተን ምንም አላደረገችም የሚለው ዜና እውነት ሆኖ ሳለ፣ አገሩ ምንም አላደረገም የሚለው ድምዳሜ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ፍርድ ቤቱንም አይርሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የተጠቀሰው መሣሪያ የመያዝ መብት የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወስኗል፤ በጁን 23 ቀን 2022 ደግሞ ይህ መብት ከቤት ውጭ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስን እንደሚጨምር ወሰነ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጁን 25፣ በቴክሳስ ዩቫልዴ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን የተገደሉበትን ጥቃት ተከትሎ የወጣው የሁለቱ ፓርቲዎች ሕግ ተፈረመ፤ ይህ ሕግ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ገዢዎች በጥብቅ እንዲጣሩ ያዝዛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ በር ሰፋ፣ ሌላው ጠበበ።

ረቂቁን ራሱን ያንብቡ

መግለጫው ተከልክሏል ሲል ረቂቁ በሰው እጅ ስላለው መሣሪያ ምን እንደሚል ይፈልጉ። አውስትራሊያ ለጤና መድን ከገቢ የሚሰበሰበውን መዋጮ ለአንድ ዓመት ከ1.5 ወደ 1.7 በመቶ አሳድጋ ባገኘችው ገንዘብ ካሣ እየከፈለች 650,000 ያህል መሣሪያዎችን ሰብስባ አጠፋች፤ የገንዘቡ ምንጭ ከሕጉ ጋር አብሮ ታውቆ ነበር። ኒውዚላንድ እስከ ዲሴምበር 2019 ድረስ 56,000 ገደማ ሰበሰበች፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ጠመንጃዎች በየስማቸው ስላልተመዘገቡ ስንቱ እንደቀረ በትክክል ማወቅ አልተቻለም፤ የመሣሪያ መዝገቡ ሥራ የጀመረው በጁን 2023 ነው። ካናዳ በሜይ 2020 1,500 ያህል የመሣሪያ ዓይነቶችን በአንድ ቀን ከለከለች፤ ባለቤቶቹ የሚያስረክቡበት የምሕረት ጊዜ ግን በተደጋጋሚ ስለተራዘመ ለዓመታት የተከለከለው መሣሪያ በየቤቱ ተቆልፎ ተቀመጠ።

የካናዳው የቀድሞ መዝገብም ሊታወስ ይገባዋል። በዲሴምበር 1989 በሞንትሪያል 14 ሴቶች ከተገደሉበት ጥቃት በኋላ በተደረገ ረጅም ትግል በ1995 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ጠመንጃ እንዲመዘገብ አዘዘ። የተጣራ ወጪው 2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ይሆናል ተብሎ ነበር፤ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በ2002 ወጪው 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ አስታወቁ፣ የጠመንጃዎቹም መዝገብ በ2012 ተሻረ። ለሟቾቹ የቆሙ ሰዎች በጀቱንና አፈጻጸሙን በጥብቅ መጠየቅ የተቃዋሚ ሥራ ብቻ ነው ብለው እንዳይተዉት የምመክረው ለዚህ ነው።

ረቂቁን የአጣሪው አካል ካቀረበው ምክር ጋር ማነጻጸርም ጠቃሚ ነው። ሎርድ ከለን ስለ ደንብሌን ያቀረቡት ምክር ሽጉጥን ሙሉ በሙሉ መከልከል አልነበረም፤ ሽጉጡ ከመተኮሻ ቦታ ውጭ እንዳይሠራ የሚያደርግ ገደብ ነበር ያቀደሙት። ሕጉ ግን ከዚያ አልፎ ሄደ። የገፋውም በማርች ወር በሚያብብ አበባ ስም የተሰየመው የወላጆችና የወዳጆቻቸው የፊርማ ዘመቻ ሲሆን፣ ከ700,000 በላይ ፊርማ አሰባስቦ ነበር። በ1997 በሁለት ተከታታይ መንግሥታት በወጡ ሁለት ሕጎች በብሪታንያ ሽጉጥ በግል መያዝ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ተከለከለ።

ሁለቱን ወገኖች ሲሰሙ

መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ለሟቾች ግድ የሌለው፣ ሕግ ይጥበቅ የሚል ሁሉ ነፃነትን የሚጠላ አድርጎ መሳል የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ሐሰት ነው። ፖሊስ ሩቅ በሆነበት ገጠር የሚኖር ገበሬ፣ አዳኝ፣ የተኩስ ስፖርተኛ፣ መንግሥትን የማያምን ዜጋ እያንዳንዳቸው የተለያየ ምክንያት አላቸው። የአንዱን ወገን ክርክር በራስዎ ቃል ጽፈው የዚያ ወገን ሰው አዎን፣ የምለው ይህንን ነው ሊል የሚችል መሆኑን እስኪያረጋግጡ ድረስ ማስተባበል አይጀምሩ። የሟቾች ቤተሰቦችንም ሲሰሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ሐሳብ ይኖራቸዋል ብለው አይጠብቁ፤ ሐዘናቸውንም የፖለቲካ ማስረጃ እንዲሆን አይጫኑት።

ውጤቱን ሲመዝኑ

በመሣሪያ የሚደርስ ሞትን ሁሉ በአንድ ቁጥር አይጠቅልሉ። በአሜሪካ ከዚህ ሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራስን ማጥፋት ነው፤ የጅምላ ግድያ ድርሻ ከጠቅላላው አንጻር ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ሕግ የጅምላ ግድያን ሳያስቀር ራስን ማጥፋትን ሊቀንስ ይችላል፤ ግልባጩም እንዲሁ። በአውስትራሊያ ከ1996ቱ ሕግ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት ገደማ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተገደሉባቸው 13 ጥቃቶች ተፈጽመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2018 ድረስ አንድም እንዲህ ያለ ጥቃት አልተፈጸመም። በሌላ በኩል በመሣሪያ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ1996 በፊትም እየቀነሰ ስለነበር ከቅነሳው ምን ያህሉ የሕጉ ውጤት ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ሁለቱም እውነቶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚነግርዎትን ሰው ሌላውን ይጠይቁት። በዲሴምበር 2025 በሲድኒ ቦንዳይ የባሕር ዳርቻ በአይሁዳውያን የሐኑካ በዓል ላይ 15 ሰዎች ሲገደሉ፣ ፈቃድ አሰጣጡ በ30 ዓመት ውስጥ ላልቷል ወይ የሚለው ጥያቄ እንደገና ተከፈተ።

ማስረጃ የለም ሲባልም ለምን እንደሌለ ይመርምሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው የበጀት ገደብ ምክንያት የፌዴራል የጤና ተቋማት ስለ መሣሪያ ጉዳት የሚያደርጉት ጥናት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ በእጅጉ ተዳክሞ ቆይቷል፤ ለዚህ ጥናት ተለይቶ 25 ሚሊዮን ዶላር የተመደበው ለ2020 በጀት ዓመት ነው። ያልተጠና ነገር ውጤት የለውም ማለት አይደለም።

በመጨረሻም ቀኑን መዝግበው በዓመቱ ይመለሱ፤ ዘጋቢዎቹ በሄዱበት ጊዜ የአጣሪ ኮሚሽኑን ምክሮች አንድ በአንድ አውጥተው በእያንዳንዱ አጠገብ ተፈጽሟል፣ በሂደት ላይ ነው ወይም ተትቷል ብለው ይጻፉ። በሁለተኛው ዓመትም፣ በአምስተኛውም እንደገና ይመልከቱት። በኖርዌይ በጁላይ 22 ቀን 2011 በኦስሎና በኡቶያ ደሴት 77 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ተገደሉ፤ በደሴቲቱ የተተኮሰው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ነበር። አጣሪ ኮሚሽኑ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እንዲከለከሉ በ2012 መከረ፣ ምክር ቤቱ በ2018 ወሰነ፣ ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው በ2021 ነው።